የፕላስቲክ ጦረኛ በኮልፌ

የዚህ ገጽ ታዳሚዎች ስለ ምርጫ፣ ስለ በጀትና ስለ ሕገ መንግሥት ስጽፍ ለምዳችሁኛል። ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ አሻንጉሊት ነው። ቁመቱ ዐሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ሲሆን፣ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ በምኖርበት ቤት ሳሎን፣ ከደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላትና ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ቅጂ አጠገብ ቆሟል። እንደ ጥንታዊ የጃፓን ጦረኛ የራስ ቁር የደፋ፣ ከግንባሩ ቀንድ ያወጣ፣ በአንድ እጁ ጠመንጃ በሌላው ጋሻ የያዘ የብረት ሰው ምስል ነው። ብረቱ ግን ፕላስቲክ ነው። በዚህ ነገር ምክንያት ከሠላሳ ዓመት ወዳጄ ጋር ተቀያይመናል። "ጦርነት ሸሽቶ በመጣ ልጅ ፊት የጦርነት መጫወቻ ታቆማለህ?" አለኝና ቡናውን ሳይጨርስ ወጣ። ይህን የምጽፈው ለእርሱ መልስ እንዲሆን ነው፤ በቃል የጀመርኩት መልስ በቃል አላልቅ ብሎኛልና።

የእህቴ ልጅ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ፣ እህቴ ይህንን ልጅና ታናሽ እህቱን ይዛ ግማሹን መንገድ በእግር፣ ግማሹን በጭነት መኪና ተጉዛ አዲስ አበባ ገባች። በኅዳር መጨረሻ ከተሞቹ ተመልሰው በመንግሥት ጦር እጅ ሲገቡ ቤቷን ልታይ ሄደች። ቤቱ ቤት ሆኖ አልጠበቃትም፤ እንደገና ወደ እኔ መጣች። ልጁ በዚያ መንገድ፣ በሄደበትም ሆነ በተመለሰበት፣ ያየውን ለማንም አልተናገረም። እኛም አልጠየቅነውም። ልጅ ዝም ሲል "ረስቶታል" ማለት በእኛ ቤት ብቻ የተለመደ አይመስለኝም።

ባለፈው ክረምት ለትምህርት ጃፓን ቆይቶ የተመለሰ አንድ የሥራ ባልደረባዬ "ለልጁ" ብሎ ካርቶን ሰጠኝ። በካርቶኑ ላይ የተሣለው ጦረኛ ሰማይ ላይ ይበራል፣ ከጀርባው እሳት ይወጣል። ልጁ በደስታ ከፈተው፤ ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። "ጋሼ፣ ተሰባብሮ ነው የመጣው" አለኝ።

አልፈረድኩበትም። በውስጡ የነበረው በነጭ፣ በሰማያዊ፣ በቀይና በቢጫ ፕላስቲክ የተሠራ፣ የመስኮት ፍርግርግ የሚመስል ነገር ነው። በየፍርግርጉ ላይ ጥቃቅን ብልቶች በቀጫጭን እግሮች ተንጠልጥለዋል፤ በእያንዳንዱ ብልት አጠገብ ቁጥር ተጽፏል። ጃፓንኛ የተጻፈበት፣ ነገር ግን ሁሉን በሥዕል የሚያስረዳ አንድ መመሪያም አለው። ብልቶቹን ቆርጦ፣ አለስልሶ፣ ገጣጥሞና ቀለም ቀብቶ ጦረኛውን ወደ መሆን የሚያደርሰው ገዢው ራሱ ነው። ሰዎች ሥራውን ሳይሠሩ የሚሸጡት፣ ገዢዎችም ሥራውን ለመሥራት ሲሉ ገንዘብ የሚከፍሉበት ዕቃ መኖሩን ለልጁ ሳስረዳው እኔም ራሴ ትንሽ አፈርኩ።

ጦረኛው ጋንዳም ይባላል። "ሞባይል ሱት ጋንዳም" የተሰኘው ተከታታይ የካርቱን ፊልም በጃፓን ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1979 ነው። ዳይሬክተሩ ዮሺዩኪ ቶሚኖ እ.ኤ.አ. በ1941 የተወለደ፣ ልጅነቱን በጦርነትና በሽንፈት ማግስት ያሳለፈ ሰው ነው። ፊልሙ መጀመሪያ ላይ ተመልካች አላገኘም፤ 52 ክፍል እንዲኖረው የታሰበው በ43ኛው ተቋረጠ። ያዳነው ፕላስቲክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባንዳይ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1980 በ1 ለ144 መጠን የተሠራውን የመጀመሪያውን ሞዴል በ300 የን ለገበያ አቀረበ፤ ልጆች ተሻሙበት። በታሪኩ ውስጥ ጋንዳም ዐሥራ ስምንት ሜትር ይረዝማል። ለ144 ሲካፈል እኛ መደርደሪያ ላይ ያለው ዐሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። አንድ ሜትር ከሰባ የሚረዝም ሰው በዚሁ ስሌት አንድ ሳንቲ ሜትር ከሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

ታሪኩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ለዚህ ገጽ ርእሰ ጉዳይ ከምታስቡት በላይ ይቀርባልና። የምድር ሕዝብ በዝቶ ብዙው በጠፈር ላይ በተሠሩ ሰፈራዎች ይኖራል። ሁሉንም የሚገዛው "የምድር ፌዴሬሽን" ነው። ዚዮን የተባለው ሰፈራ ነፃነቱን አውጆ በፌዴሬሽኑ ላይ ጦርነት ይከፍታል፤ በጦርነቱ መጀመሪያ ላይ ብቻ ከሰው ልጅ ግማሹ ያልቃል። (ቶሚኖ አንቀጽ 39ን እንዳላነበበ እርግጠኛ ነኝ፤ ሕገ መንግሥታችን ሲጸድቅ ፊልሙ ካለቀ ዐሥራ አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር።) ነጩ ጋንዳም የፌዴሬሽኑ ወገን ነው። የሚያሽከረክረው ግን ጄኔራል ወይም የሠለጠነ ወታደር አይደለም፤ ሰፈሩ ሲደበደብ ያገኘው መሣሪያ ውስጥ የገባ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነው። የሚጓዙባት የጦር መርከብ በስደተኞች የተሞላች ናት፤ ከእነርሱ መካከል ወላጆቻቸው የሞቱባቸው ሦስት ሕፃናት አሉ። ጠላት በተባለው ወገንም ሰው አለ፤ የሚያፈቅር፣ የሚያዝን፣ ለጌቶቹ ሥልጣን ሲል የሚሞት። ባጭሩ፣ አሻንጉሊት ለማስተዋወቅ ተብሎ የተሠራው ፊልም ጦርነትን የሚከስ ሆኖ ወጣ።

ኤፕሪል 1979 እኛ ዘንድ ሚያዝያ 1971 ነው። የቀይ ሽብር ሬሳ ከየመንገዱ ከተነሣ ብዙም አልቆየም። ከዚያ በኋላ በ1975 የብሔራዊ ውትድርና ዐዋጅ መጣ፤ ከዐዋጁም ጋር አፈሳው። እኔ በ1983 ዓ.ም. ልክ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የጎረቤታችን ልጅ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ስለነበር ከጥር ጀምሮ የሚኖረው ኮርኒስ ላይ ነበር። እናቱ ምግቡን በሰፌድ ወደ ላይ ታቀብለዋለች። ጉንፋን ሲይዘው ሳሉ እንዳይሰማ የሬዲዮው ድምፅ ከፍ ይላል፤ እኛ ልጆችም ሬዲዮው ሲጮኽ "አመመው" እንል ነበር። ስለዚህ በዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ የሚሽከረከር የጦር መሣሪያ ለእኔ የካርቱን ፈጠራ አይደለም። ኮልፌ ደግሞ ወታደር ብርቋ አይደለም። የፈጥኖ ደራሽ ሠፈር የሚባለው እዚሁ ነው። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. መጨረሻ የተኩስና የደፈጣ ትምህርት የወሰደው በዚህ ነው፤ ስድስት ወር ሊቆይ አስቦ ጊዜው ሳይሞላ ወደ አገሩ ተጠራ። ሰፈራችን እንደ አጠና ሁሉ ወታደርም ስታቀርብ የኖረች ናት ብል ያገሬ ልጆች አይቀየሙኝም።

ወደ ሥራችን ልመለስ። ቅዳሜና እሑድ ማታ፣ እራት ተነሥቶ ጠረጴዛው ሲጠረግ እንቀመጣለን። ለዚህ ሥራ የሚሸጥ ልዩ መቁረጫ አለ ይላሉ፤ እኛ ዘንድ ያለው የጥፍር መቁረጫ ነው። ልጁ ቶሎ የተማረው ነገር ብልቱን ከሥሩ አለመቁረጥን ነው። ቀጭኗን እግር ከብልቱ አርቆ መቁረጥ፣ ከዚያ የተረፈችውን ጉጥ በምላጭ ቀስ አድርጎ ማንሣት፣ በመጨረሻም በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ያስፈልጋል። ተቻኩሎ ከሥሩ የቆረጠ ሰው ፕላስቲኩን ስለሚያስጨንቀው ቦታው ነጭ ጠባሳ ያወጣል፤ ያ ጠባሳ ከቀለም ሥር እንኳ ይታወቃል። ሙጫ አያስፈልግም። ብልቶቹ እርስ በርሳቸው ይነካከሳሉ፤ ሲገጥሙ "ጠቅ" የሚል ድምፅ ይሰጣሉ። በመጋጠሚያዎቹ ውስጥ ግን ከሌላው የሚለይ ለስላሳ ፕላስቲክ አለ። ጠንካራው ከጠንካራው ጋር በቀጥታ ቢገናኝ ወይ ይሰበራል ወይ ጥቂት ቆይቶ ይላላል፤ ክርንና ጉልበቱን እያንቀሳቀሰ የሚያቆየው ያ በውስጥ የተደበቀው ለስላሳ ቁራጭ ነው። ስለ ፌዴራልና ክልል ግንኙነት በዚህ ገጽ ላይ ከጻፍኳቸው ጽሑፎች ሁሉ ይህ ቁራጭ የተሻለ ያስረዳል ብዬ ለእህቴ ነግሬያት "ደግሞ ጀመረህ" ብላኛለች።

አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ ስንሠራ ያችኑ ለስላሳ ቁራጭ ረስተን ቀኝ ክንዱን ዘጋነው። ያወቅነው በማግስቱ ነው። እኔ ልጄ፣ ማን ያየዋል፣ ክንዱ ዝም ብሎ ቢንጠለጠል ምን አለበት አልኩ። ልጁ ግን መመሪያውን ገልጦ ሥዕሉን አሳየኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ በምላጭ ጫፍ ስንፈለቅቅ ቆየን፤ ክንዱ ተከፈተ፣ ቁራጩ ገባ፣ ክንዱ እንደገና ተዘጋ። የምሠራበት መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ከጃፓን የመጡት "አምስቱ ማዎች"፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት እያሉ ተለጥፈው ለብዙ ዓመታት ኖረዋል። የካይዘን ኢንስቲትዩት በአገራችን ከተቋቋመ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ሥልጠናውን ስንት ጊዜ እንደወሰድኩ ረስቼዋለሁ። የተዘጋን ክንድ ከፍተን ስናስተካክል ግን አይቼ አላውቅም፤ አለቃ የዘጋው ክንድ ከሆነማ አይታሰብም።

ከጃፓን ለመማር መፈለጋችን የቆየ ነው። በ1923 ዓ.ም. የወጣው፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያረቀቁት የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን ከሜይጂ ሕገ መንግሥት ብዙ ወስዷል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ጃፓን ደርሰው ተመልሰው "ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን" የሚለውን መጽሐፍ ጻፉ። እንደ ጃፓን በአንድ ትውልድ እንነሣ የሚሉ የተማሩ ሰዎች በዚያ ዘመን "ጃፓናውያን" እስከ መባል ደርሰዋል። እኔ ግን በእነርሱም ሆነ በእኛ የምታዘበው አንድ ነገር አለ፤ የጃፓንን ሕግና መፈክር ስናመጣ የጃፓንን ቅርጽ ማውጫ አላመጣንም። የዚህ አሻንጉሊት ምስጢር ፕላስቲኩ አይደለም። ፕላስቲኩ ተራ ነው፤ የምንጥለው የእርጎ ኩባያም ከዚያው ዘር ነው። ምስጢሩ የቀለጠው ፕላስቲክ በከፍተኛ ግፊት የሚገፋበት፣ ከብረት የተፈለፈለው ሞልድ ነው፤ ያንን ሞልድ በፀጉር ስፋት ልክ ሳይስት የሚቆርጠው እጅና መሣሪያ ነው። በአንድ ፍርግርግ ላይ ሦስትና አራት ቀለም ፕላስቲክ ሳይቀላቀል እንዲፈስ ማድረግ የፋብሪካ ጥበብ ጫፍ ነው፤ ከካርቱን ፊልም የተወለደ ጥበብ ነው ሲባል ደግሞ ይገርማል። ከዚህ ከእኛ ሰፈር ቀጥሎ ባለው መርካቶ ምናለሽ ተራ ውስጥ ብረት የሚያናግሩ ሰዎች ሞልተዋል። ከበርሜል ምድጃ፣ ከጎማ ገመድ፣ ከጣሳ ኩራዝ ሲሠሩ ኖረዋል። ከእነርሱ መዶሻና ከዚያ ሞልድ መካከል ያለው ርቀት የጭንቅላት ርቀት አይመስለኝም። የትምህርት ቤት ወርክሾፕ ርቀት ነው፤ እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ወርክሾፑ ተቆልፎ የስብሰባ ወንበር ማስቀመጫ ነበር።

እኛም ሞዴል እንሠራ ነበር። የእኔ ዘመን የኮልፌ ልጅ ሁሉ የሽቦ መኪና ነበረው። ሽቦው ከአጥር ወይም ከግንባታ ቦታ ይለቀማል፣ በድንጋይ ይቃናል፣ በጥርስም ቢሆን ይታጠፋል። ጎማው ቆርኪ ነው፤ የተሻለ የሠራ ካረጀ ነጠላ ጫማ ክብ ክብ አድርጎ ይቆርጣል። ረጅም ሽቦ መሪ ሆኖ እስከ ደረታችን ይወጣል፤ በአቧራው መንገድ ላይ በአፋችን እያጓራን እንነዳለን። አንዱ የፊያት፣ ሌላው የመርሴዲስ፣ አንዱ የአንበሳ አውቶቡስ ነበረው፤ ማንም ዐይቶ አይሳሳትም። መመሪያ፣ ቁጥርና ፍርግርግ አልነበረም። መንገድ ዳር ቆመን መኪናውን እናያለን፤ እናስታውሳለን፤ ቤት ገብተን እናጥፋለን። ይህን የምለው የድህነት ጨዋታን ለማሞገስ አይደለም፤ ያ ዐይነቱ ሙገሳ ያስጠላኛል። የሽቦ መኪና የሚሠራ ልጅ ፒንሳ ቢኖረው የተሻለ ይሠራ ነበር። ልዩነቱን ግን ልብ በሉ፤ ጋንዳም የታዘዘውን በትክክል መፈጸምን ያስተምራል፤ የሽቦ መኪና ያዩትን ከራስ አውጥቶ መሥራትን ያስተምራል። የእህቴ ልጅ ሁለቱን እንዴት እንዳገናኛቸው ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ጦረኛው ተገጣጥሞ ሲያልቅ ንጹሕና አብረቅራቂ ነበር። መመሪያው ግን መጨረሻው ገጽ ላይ ቀለም የመቀባትን ነገር በሥዕል ያሳያል፤ ባልደረባዬም እዚያ ያሉ ሰዎች ሞዴሉን ጦር ሜዳ የቆየ እንዲመስል አድርገው እንደሚያቆሽሹት ነግሮኝ ነበር። ለዚህ የሚሆን ቀለም የሚሸጥ ሱቅ አላገኘሁም። መጀመሪያ የመኪና ቀለምና ቲነር ከአንድ ጋራዥ ለመንን አመጣን። ቲነሩ ፕላስቲኩን እንደሚበላ ያወቅነው የጋሻው ጫፍ እንደ ማር ሲለሰልስ ነው። ከዚያ በውሃ የሚቀጥን የሥዕል ቀለም ገዛሁ፤ ለጥቃቅኑ ቦታ ስቴኪኒ፣ ለሰፊው የስፖንጅ ቁራጭ ተጠቀምን። ጥቁር ቀለም በውሃ አቅጥነን በየመጋጠሚያው ስንጥር ውስጥ ስናፈሰው ጦረኛው በአንድ ጊዜ ከበደ፤ አሻንጉሊትነቱ ቀርቶ ብረት መሰለ።

እኔ የመሰለኝን አደረግሁ። ከግቢያችን ቀይ አፈር ነፍቼ ዝገት እንዲመስል በትከሻውና በደረቱ ላይ ነሰነስኩ። ልጁ ዝም ብሎ ሲያየኝ ቆየና "እንደዚያ አይደለም" አለ።

"ታዲያ እንዴት ነው?"

"ዝገቱ መጀመሪያ የሚመጣው ቀለሙ በተቃጠለበት ነው። ጥላሸቱ ደግሞ ከበሩ በላይ ነው፤ እሳቱ ከውስጥ ስለሚወጣ። ከታች ጭቃ ነው።"

ብሩሹን ሰጠሁት። ከምጣድ ሥር ጥላሸት ፍቆ አመጣ፤ በጣቱ ጫፍ ከደረቱ በር ጀምሮ ወደ ላይ አሻሸው። እየሠራ ነገረኝ። ወደ ኮምቦልቻ ሲመለሱ መንገድ ዳር አንድ ታንክ ቆሞ ነበር፤ መኪናቸው ጎማ ለመቀየር የቆመው እዚያው አጠገብ ነው። ሌሎች ልጆች ቀልሃ ይለቅሙ ነበር፤ እናቱ ግን እጁን ይዛ አልለቀቀችውም። ከላይ ያለው በር ክፍት ነበር። የማን ወገን ታንክ እንደነበር አያውቅም፤ አልጠየቀምም። የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ያኔ እናቱን፣ አሁን እኔን፦ "ሾፌሩ ወጥቷል?"

እናቱ ያኔ "ዝም በል" ብላዋለች። አልፈርድባትም። እኔም ያን ማታ መልስ አልነበረኝም። "በሩ ክፍት ከነበረ ወጥቶ ይሆናል" አልኩት። አንገቱን ነቀነቀና ሥራውን ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጭነት መኪናውና ስለ ሌሊቱ፣ በሦስት ቅዳሜዎች ውስጥ ብዙ ነገረኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ የእርሱ ነውና።

ወዳጄ ሆይ፣ መልሴ እዚህ ላይ ነው። ጦርነቱን ወደ ቤቴ ያስገባሁት እኔ አይደለሁም። በ2014 ጥቅምት ከልጁ ጋር ገብቶ፣ ከእኛ ጋር እራት ሲበላ ኖሯል። ያንተን ስጋት ግን አላቃልልም። ጠመንጃ የያዘ ቆንጆ ጦረኛ ልጅን ሊያማልል ይችላል። የጋንዳም ሠሪዎች ራሳቸው በዚህ ተቃርኖ ውስጥ ይኖራሉ፤ ፊልሙ ጦርነትን ይከሳል፣ ካርቶኑ ጦረኛውን ያሳምራል። እኛ ቤት የገባውም ያማረው ነበር፤ ልጁ ሲጨርሰው ግን ያማረ አልነበረም። ቴሌቪዥናችን ለሁለት ዓመት በማርሽና በቀረርቶ ያሳየውን ጦርነት፣ ጥላሸቱ በየት በኩል እንደሚሆን የሚያውቅ ልጅ አርሞ ሠራው። ይህን ከማየት ይልቅ መደርደሪያው ባዶ ቢሆን ይሻለን ነበር የምትል ከሆነ፣ እዚያ ላይ አልስማማም።

አገሪቱስ ምን ታደርጋለች? የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን የተቋቋመበት ዐዋጅ የወጣው በታኅሣሥ 2014 ነው፤ እህቴ ሁለተኛ ጊዜ ሻንጣዋን ስትሸክፍ ማለት ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ፤ ዓመት ሳይሞላው በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተነሣ። የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ በሚያዝያ 2016 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸደቀ። እነዚህን ሁሉ ሰነዶች አንብቤያለሁ፤ ለማንበብም የሚከፈለኝ የለም። ከእነርሱ መካከል ሰው የሆነውን ነገር አውጥቶ የሚያይበት ቦታና ጊዜ ለየሰፈሩ ያደረሰ እስካሁን አላየሁም። ልጁ የሚማርበት ትምህርት ቤት መምህራን ደጎች ናቸው፤ ከየት እንደመጣ ግን በአራት ዓመት አንድም ቀን አልጠየቁትም። እንዳይጎዳ ብለው ነው፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

ሞዴል የሚለው ቃል በእኛ አገር ፖለቲካ ረጅም ዕድሜ አለው። ሞዴል አርሶ አደር፣ ሞዴል ቤተሰብ፣ ሞዴል ወረዳ ስንል ኖረናል። ከአሻንጉሊት ጋር የሚቀራረበው ግን ማኬቱ ነው። በየዘመኑ የመጣ ባለሥልጣን ማኬት ይወዳል። በመስታወት ሣጥን ውስጥ አረንጓዴ ስፖንጅ የመሰሉ ዛፎች፣ የሚያብረቀርቁ ፎቆች፣ የተወለወለ መንገድ፤ ባለሥልጣኑ በዘንግ እየጠቆመ ያስረዳል፣ ካሜራው ይከተለዋል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነባር ቤቶች ሲፈርሱ ብዙዎቻችን የአካባቢውን የነገ መልክ ያየነው በሥዕልና በማኬት ነው። ማኬት የተገጣጠመ ሆኖ ይመጣል። ማንም "የዚህን ክንድ አላስገባችሁትም፣ ክፈቱት" ማለት አይችልም፤ መስታወት አለው። በውስጡ የቆሙትን ሰዎች ልብ ብላችሁ ዐይታችኋቸው እንደሆነ አላውቅም፤ ነጫጭ ናቸው፣ ፊት የላቸውም፣ ሁሉም ልክ አንድ ናቸው፣ የሚያፈናቅላቸውም የለም። ከተማ መታደስ የለበትም የሚል ሰው አይደለሁም፤ የኮልፌን የክረምት ጭቃ ለሃምሳ ዓመት ረግጫለሁ። ብልቶቹን ሳናይ ያለቀውን ብቻ እንድናደንቅ መጠራታችን ነው የሚከነክነኝ።

የጋንዳሙ ካርቶን ውስጥ ሰው አልነበረም። ጠመንጃ፣ ጋሻና የብርሃን ጎራዴ አለው፤ የዐሥራ አምስት ዓመቱ ሾፌር ግን አልተካተተም። ልጁ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር ፈልጎ አጣው። ባለፈው እሑድ ከጎረቤት ቤት የኤሌክትሪክ መስመር ሲቀየር የወደቀ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ለቅሞ መጣና ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ስንት ይሁን ብሎ ጠየቀኝ፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ከሁለት ሚሊ ሜትር አልኩት። በማስመሪያ ለካ፤ ሁለት እግር፣ ሁለት እጅ፣ በጥርሱ ጠምዝዞ አንድ ራስ አወጣ። በጥፍር መቁረጫው ትርፉን ቆረጠ። የጦረኛውን ደረት በር ዙሪያ በምላጭ ቆርጦ ጥቂት ከፈት አደረገው፤ ከተጣለው ፍርግርግ ላይ አንድ ዘንግ ሻማ ላይ አሙቆ ሲስበው እንደ ክር ቀጠነለት፤ ከበሩ እስከ መሬት ገመድ አድርጎ አወረደው።

የሽቦውን ሰው ግን ገመዱ ላይ አላንጠለጠለውም። ከጦረኛው እግር አራት ጣት ያህል ራቅ አድርጎ፣ ጀርባውን ለጦረኛው ሰጥቶ፣ ወደ በሩ በኩል የሚሄድ አስመስሎ አቆመው። እህቴ አቧራ ስትጠርግ ሁለት ጊዜ ወድቆባታል፤ ሁለቱንም ጊዜ ራሷ ፈልጋ መልሳ አቁማዋለች።